ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ጥቁር የለበሱት ትልቋ ስልካቸውን ለጎረቤታቸው አሳዩ።

«ይኸው፣ ልጄ የጫነልኝ ነው። አባቱ ታሞ ሙቀቱን አልችል ሲል፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ነጭ ነገር ለጠፈ። ሰው መኖሩን ካወቀ ማቀዝቀዣውን ራሱ ይከፍተዋል።»

«እና ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«ስልኩ የባለቤቴ ክፍል ውስጥ ሰው አለ ይላል።»

«ማን ገብቶ?»

«ማንም። ከቀብሩ ወዲህ ቆልፌዋለሁ። ተዝካሩ ሳይወጣ ልብሱ አይነካም ብዬ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ነው የምዞረው።»

«ጦጣ ይሆናል፣ በመስኮት የገባ።»

«መስኮቱም ዝግ ነው። ጠዋት በሩ ጋ ቆሜ ሳዳምጥ ማቀዝቀዣው ይነፍሳል። ብርዱ ከበሩ ስር ወጥቶ እግሬን ነካኝ።»

«በስመ አብ። ልጅዎስ ምን አለ?»

«እቃው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ከፍተሽ እዪው አለኝ። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቼ መልሼ አወጣሁት፤ ትቼው ወጣሁ።»

«ደግ አደረጉ። ብቻዎን እንዳይከፍቱት። ቄሱን እንጥራና ጠበል ይርጩበት፤ ምንም ይሁን ምን ወጥቶ ይሄዳል።»

ትልቋ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እሱ ከሆነስ? በዚህ ሙቀት የት ይሄዳል?»

መውረጃዬን አልፌ ነበር፤ «ወራጅ አለ» በማለት ፈንታ ግን መልሱን ለመስማት ወደ ፊት ተጠጋሁ።