በጎን የተሳለችው ሴት

መካነ ሰላም ውስጥ የደብራችንን ደን የምንጠብቅ ሴቶች ሰብሳቢ ነኝ። ለመሰብሰቢያችን ግድግዳ የሚሆን ሥዕል እንዲስሉልን የቤተ ክርስቲያኑን ሠዓሊ አለቃ ሞገስን ለመንኳቸው፤ "የቅዱሳን ሳይሆን የእኛው ቤት፣ የእኛው ምድጃ ይሁን" ብዬ። አምጥተው ሲገልጡት አባትየው፣ ልጆቹ፣ ድመቷ ሳትቀር ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ምድጃው ሥር እሳት የምትማግደው ሴት ብቻ በጎን ተስላ አንድ ዓይን ነው ያላት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ኃጢአተኛ መሆኑን በአገራችን ሕፃንም ያውቃል። የምትማግደው ደግሞ የደብሩን ጽድ ነው፣ ከነቅጠሉ። ሻሿ የእኔው ሻሽ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት። ለካ ባለፈው ቤቴ ሲገቡ፣ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ የገዛሁትን ጽድ አይተው ዝም ብለው ኖሯል።

"ሻሹን ልቀይረው እንዴ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ፊቴ ጋለ። "አይንኩት አለቃ" ብዬ በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ሴቶቹ ገና ከመግባታቸው ጎረቤቴ ብርቄ "ይቺ ባለ አንድ ዓይን ደግሞ የማን ጉድ ናት?" ብላ ሳቀች። "እኔ ነኝ" አልኳት። "ከዛሬ ጀምሮ ከየት እንደተቆረጠ ያላወቅኩት እንጨት ምድጃዬ አይገባም።"

ስንወጣ አለቃን "ሁለተኛውን ዓይኔን መቼ ይስሉልኛል?" ብላቸው፣ "ጽድ ተክለሽ፣ የተከልሽው ከፍየል ሲተርፍ" አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አርጩሜ ይዤ ከችግኙ አልለይም።