ፈሪን የማይገፉት ዶክተር ጣፈጠች

እንደምን ዋላችሁ! ሥጋው ደርሷችኋል? የሚያቃጥለው ዳጣስ? እንግዲያው እጃችሁ ሥራ ላይ ስለሆነ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ኢየሩሳሌም እባላለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ ጄሪ ነው የሚሉኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዛሬ ዶክተር ጣፈጠችን በጡረታ እንድሸኝ የተመረጥኩት “ዝም የማትል እሷ ናት” ተብሎ ነው። የመረጠኝ ኃላፊያችን ዶክተር ክብረት ያውና፣ እዚያ ጋ ተቀምጦ ይስቃል። ሳቅ! ያንተም ተራ ይመጣል።

ዶክተር፣ እርስዎ ደግሞ እንደዚያ አይዩኝ። የሚያፍሩበት ነገር አልናገርም። ማለቴ፣ ብዙ አልናገርም።

ዶክተር ከበዴሳ ከተማ ተዛውረው እኛ ጋ የመጡ ዕለት እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ ሐኪም ይመጣሉ ተብለን በር በሩን እናያለን። ያን ጊዜ ግቢያችንን የሚጠብቅ ሻምበል የሚባል ውሻ ነበር። ሻምበል ከጥበቃችን ከጋሽ ገበየው በቀር ሰው አያውቅም፤ ሰንሰለቱም እስከ በሩ ይደርሳል። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ጋውን ለብሰን የተመረቅን ሰዎች፣ ሥራ የምንገባው በጓሮ አጥር ቀዳዳ ነበር!

ዶክተር ይህን ማን ይንገራቸው? አረንጓዴ ቀሚሳቸውን ለብሰው በዋናው በር ግብት አሉ። ሻምበል ተወረወረ። ጋሽ ገበየው “እመቤቴ፣ ይቁሙ!” እያሉ ሮጡ። ሴትየዋ ግን ሰንሰለቱ የሚያበቃበትን በዓይናቸው ለክተው፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ለውሻው ጎናቸውን ሰጥተው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ።

“ሴትየዋ ወደቁ! ውሃ አምጡ!” አሉ ጋሽ ገበየው።

እኔ በመስኮት ሆኜ መጸለይ ጀምሬያለሁ። ዶክተር ዞር እንኳ ሳይሉ፣ “አልወደቅኩም ወንድሜ። እየተዋወቅን ነው፤ አይረብሹን” አሏቸው።

ሻምበል ጮኸ፣ ጮኸ፣ በመጨረሻ ሰለቸውና እሱም እዚያው አቧራው ላይ ተጋደመ። ጋሽ ገበየው የመጣውን ውሃ ራሳቸው ጠጡት። አይደለም እንዴ ጋሼ? ይኸው፣ አልካዱም!

ከዚያ በኋላ ጠባያቸውን እየለመድን መጣን። ለምሳሌ ማዛጋታቸው። የፈራ ውሻ ሲገባ ዶክተር ቀስ ብለው ያዛጋሉ። ድመት ከሆነ ደግሞ ዓይናቸውን ክድን፣ ግልጥ ያደርጋሉ። ለእንስሳው “ጠብ የለኝም” ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አንድ እንግዳ ሥራችንን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ዶክተርን ሲያዛጉ አያቸው፤ የሚያንቀላፉም መሰለው። ክብረትን ወደ ጥግ ወስዶ፣ “እኚህ ሴትዮ እንቅልፍ አላገኙም እንዴ?” አለው። ይህን እያለ ሳለ፣ ከባጃጅ ለማውረድ ሦስት ጎረምሳ ያታገለው ውሻ ሄዶ አገጩን የዶክተር ጫማ ላይ አስደገፈ። እንግዳው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ሲወጣ ግን ሻምበልን እያየ ሲያዛጋ ጋሽ ገበየው ይዘውታል።

ደግሞ ያቺ ጥያቄያቸው አለች፤ “ከዚያ በፊትስ?” የምትለዋ።

“ዶክተር፣ ውሻዬ ነከሰ።”

“ከመንከሱ በፊትስ?”

“ጮኸ።”

“ከመጮሁ በፊትስ?”

“እ... እኔና ባለቤቴ ትንሽ ተነጋግረን ነበር።”

“በምን ድምፅ ነበር የተነጋገራችሁት?”

ስንት ባልና ሚስት ውሻ ሊያሳክሙ መጥተው ታርቀው እንደሄዱ እኛ ነን የምናውቀው። ስም አልጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ እዚህ ናችሁ።

አቶ ተሻገርን ግን እጠራለሁ፤ ራሳቸው ፈቅደውልኛል። አቶ ተሻገር ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይነግዳሉ። አይጥ እንድትጠብቅላቸው ያሳደጓት ድመት አንድ ሰሞን ተነስታ ጣቃው ላይ መሽናት ጀመረች። የምትሸናበት አሸዋ ተቀምጦላት እያለ ጨርቁ ላይ! ድመቷን በካርቶን ይዘዋት መጡ፤ ፊታቸው እሳት ነው።

“ዶክተር፣ ይቺ ድመት ምቀኛ ልኳት ነው። ወይ መርፌ ውጉልኝ ወይ ወስዳችሁ ጣሉልኝ።”

ዶክተር መጀመሪያ ድመቷን መረመሩ፤ ሽንቷንም አስመረመሩ። “በሽታ አለመኖሩን ሳላይ ጠባይ ነው ብዬ አልፈርድባትም” ይላሉ ሁልጊዜ። ጤነኛ ናት። ከዚያ አቶ ተሻገርን አስቀመጧቸው።

“ሱቅዎ ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ?”

“ምንም አዲስ ነገር የለም።”

“ምንም?”

“ምንም! መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር ነው የገዛሁት።”

“የት አስቀመጡት?”

“ጓዳ፣ ከአሸዋዋ አጠ...” አሉና አቶ ተሻገር መሃል ላይ ቆሙ። አቶ ተሻገር ካርቶኑን ከፍተው ድመቷን፣ “ታዲያ ይህን አትነግሪኝም ነበር?” አሏት።

“ስትነግርዎት ነው የከረመችው” አሉ ዶክተር።

አሸዋው ጸጥ ወዳለ ጥግ ዞረ፤ ጨርቁም ዳነ። ዶክተር ዛሬ የለበሱትን ነጠላ ያዩት ሰዎች ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ አቶ ተሻገር ያስረዳሉ።

እሺ። አሁን ትንሽ ረጋ ልበል። ይህን የሚያውቁት ዶክተርና ክብረት ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ሁላችሁም ስሙት።

ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ስከትብ ቀኝ እጄን ነከሰኝ። ቁስሉ ዳነ፤ እኔ ግን አልዳንኩም። ውሻ ሲጮህ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ጠዋት ክሊኒክ በር ላይ ደርሼ ባጃጁን “ተመለስ” ያልኩበት ቀን አለ። ውሻ የሚፈራ የእንስሳት ሐኪም! ለማን ይነገራል? እናቴ ስንት ነገር ሆና ያስተማረችኝ ለዚህ ነው? ሥራዬን ለቅቄ ወንድሜ ጋ የዶሮ መኖ ልሸጥ ወስኜ ለዶክተር ነገርኳቸው። ያለቀስኩ ይመስለኛል። እሺ፣ አልቅሻለሁ።

“አይዞሽ፣ አትፍሪ” ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። “መፍራትሽ ትክክል ነው፤ ተነክሰሻል” አሉኝ። “መልቀቁ አይጠፋም። እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ሻይ ጠጪ።”

ጠጣን። ከግቢው ማዶ አንድ ውሻ ታስሮ ይታየኛል፤ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ሻዬን ስጨርስ ዶክተር ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ይሰጡኛል። ከጊዜ በኋላ ወንበራችን ትንሽ ወደ ግቢው ተጠጋ። ከዚያ ቡችላ መጣ። ከዚያ እሳቸው የውሻውን ራስ ይዘው እኔ ከኋላ የልብ ምቱን አዳምጥ ጀመር። ልቤ ከፈራ፣ “ዛሬ ይበቃል” ይሉና ያስቆሙኛል። ከቻልኩ፣ “ጎሽ!” ይሉኛል፤ ከረሜላም ይመጣል።

አንድ ቀን ሰው የሚፈራ ውሻ ያላቸው ሴትዮ መጡና ዶክተር ሲመክሯቸው አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

“ከሩቅ ይጀምሩ” ይሏቸዋል። “አያስገድዱት፤ ሲረጋጋ ትንሽ ያቅርቡት። ከፈራ ያቁሙ። በቻለ ቁጥር ‘ጎሽ’ ይበሉትና የሚወደውን ጣፋጭ ነገር ይስጡት።”

እኔ አፌ ውስጥ ያለውን ከረሜላ መምጠጥ አቆምኩ።

ሴትዮዋ እስኪወጡ ጠብቄ፣ “ዶክተር! እኔን እንደ ውሻ ነው እንዴ ሲያክሙኝ የከረሙት?” አልኳቸው።

“ኧረ ምን በወጣሽ!” አሉ ደንግጠው። “ውሻ እኮ እንዳንቺ አያስቸግርም።”

ያን ቀን ከተነከስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ ከልቤ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከሻንቶ ከተማ ተደወለ። ውሻ ልጅ ነክሷል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ቶሎ ድረሱ። ዶክተርና እኔ በክሊኒኩ መኪና ከሾፌሩ ጋር ሄድን። ስንደርስ የአቶ ሶርሳ በር በሰው ተሞልቷል፤ ዱላ የያዘም አለ። አቶ ሶርሳ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ቦቢ የሚባለው ውሻቸው ብቻ ናቸው። በሩን ዘግተው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል።

ዶክተር ስለ ውሻው አልጠየቁም። “ልጅቷ የት አለች?” አሉ። ኤልሻዳይ የምትባል የጎረቤት ልጅ ናት፤ እናቷ ሜሪ እጇን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋታለች። ዶክተር ወደ ቧንቧ ወስደው ቁስሏን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ረጅም ጊዜ አሳጠቧት። ከዚያ እናትና ልጅን በእኛ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ላኩ። መኪናው ሄደ። እኛ ሁለት ሴቶች ዱላ ከያዘ ሕዝብ ጋር ቀረን።

አንድ ሰውዬ፣ “ውሻውን አውጡልን፤ እኛ እንጨርሰዋለን” አለ በወላይትኛ።

ዶክተርም በወላይትኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ መለሱለት። “ለልጅቷ ነው የተቆጣኸው፤ እኔም ለእሷ ነው የመጣሁት። አሁን ብትገድለው አብዶ እንደነበር በምን እናውቃለን? ክሊኒክ ዘግተን እንየው። ካበደ ራሴ ነኝ የምነግርህ።” ሰውዬው አጉረመረመ። ዱላውን ግን አጥሩ ላይ አስደገፈው።

ውሻው አልጋ ሥር ገብቷል። ዶክተር አፍ ማሰሪያውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። “እኔ ልግባ፣ ወይስ አንቺ?” አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ “እርስዎ ይግቡ” ብላቸው አንዲት ቃል አይናገሩኝም ነበር። ያን ስለማውቅ ነው “እኔ” ያልኩት።

ገባሁ። ወለሉ ላይ በጎኔ ተቀመጥኩ። ቦቢ ያጉረመርማል። ተቀመጥን። አዛጋሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አፍንጫውን አወጣ። አፍ ማሰሪያውን አሠርኩት። ሳጠልቅለት ጣቴ ቀኝ ጆሮውን ቢነካው እንደ ሰው ጮኸ፤ ጠጋ ስል ጆሮው ውስጥ መግል አለ፣ ይሸታል። “ዶክተር፣ ጆሮው!” ብዬ ተጣራሁ። ለካ ኤልሻዳይ እንደ ልማዷ አንገቱን አቅፋ፣ ራሷን ራሱ ላይ አስደግፋ ነበር። እሷ ወደደችው፣ እሱን አመመው።

ልጅቷ የእብድ ውሻ ክትባቷን ጨረሰች። ቦቢ እኛ ጋ ተዘግቶ ሲታይ ጤነኛ ሆነ፤ ጆሮውም ዳነ። አቶ ሶርሳ በሚኒባስ እየተመላለሱ ክፍሉ ፊት ወንበር ይዘው ጋዜጣ ያነቡለት ነበር። ውሻው ሲመለስ ሜሪ መንገድ ላይ ቆማ፣ “ይግባ፤ ግን ልጄ እንዴት እንደምትይዘው አስተምሩልኝ” አለች። ዶክተር የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ሰብስበው ውሻ ሲያመው፣ ሲበላና ሲተኛ እንዴት እንደሚተው አስተማሩ።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። ደጋግሞ የነከሰና ምንም ያልረዳው ውሻም ነበር፤ ለባለቤቶቹ እውነቱን የነገሩ፣ እስከ መጨረሻው አብረዋቸው የተቀመጡ እርስዎ ነዎት። “አላወቃችሁበትም” ብለው ማንንም ከክሊኒክ ሲሸኙ አላየሁም።

ዶክተር፣ ስለ ውሻ ብዙ አስተምረውኛል። ከሁሉ በላይ ግን የፈራ ሰው ሳይገፋ፣ ሳይዋረድ፣ በራሱ እግር ሊመለስ እንደሚችል በእኔ ላይ አሳዩኝ። እናቴ ያቺ እዚያ የተቀመጠችው ናት፤ ልጇ ዛሬም ሐኪም የሆነችው በእርስዎ ነው። ስለ እሷም ስለ እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አቶ አሮን፣ ባለቤትዎን ስላዋሱን እናመሰግናለን፤ ይኸው መልሰናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከዛሬ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የሚታረም ጠባይ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዕቃ አጥበው ሲጨርሱ “ጎሽ” ከተባሉ ይጠርጥሩ።

በሉ እንነሣ። አምቦ ውሃም ሚሪንዳም የያዛችሁ፣ ብርጭቆ ከፍ! ዶክተር፣ በዴሳ ያለው የእናትዎ ጓሮ እንሰቱ ይስፋልዎ፣ ዶሮዎችዎ ይርቡልዎ። ጉልበትዎ አይድከም፣ ደጃፍዎ ጠያቂ አይጣ። ሰኞ ጠዋት እርስዎ ባለቤቶችን ሲመክሩበት የነበረውን ክፍል የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ክብረት ዛሬ ሰጥቶኛል። ስልክዎ ቢጮህ አያንሡ፣ ይረፉ። የደወልኩት እኔ ከሆንኩ ግን፣ እባክዎ፣ ያንሡልኝ።

ለዶክተር ጣፈጠች! ጦሲ አንጆ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ!