ከእብድ ጋር በቁራኛ

አንድ የደሴ እብድ ያደረገኝን ልንገራችሁ። የሞተች ልጄን ቀሚስ ከአጥሬ ላይ አንሥቶ፣ ራሱ ላይ ጠምጥሞ ሲጨፍር ያዝኩትና ዳኛው ዘንድ ጎትቼ ወሰድኩት። «ወህኒ ይግባልኝ!» አልኩ።

«ወህኒ ገብቶ ምን ሊማር?» አሉኝ ዳኛው። «ይልቅ በቁራኛ ታስራችሁ ኮምቦልቻ ጠበል ውሰደው። ሲድን ትከሰዋለህ።»

የነጠላዬን ጫፍ ከእብዱ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩትና ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ቀሚሱን ከራሱ ላይ አላወርድም አለ። መንገደኛ ባገኘን ቁጥር እሱ ይቀድመኛል፤ «አሰላሙ ዐለይኩም! ይህን ምስኪን ጠበል እየወሰድኩት ነው። ልጁ ሞታበት አያለቅስም፣ አይላጭም» ይላል።

«አላህ ያሽርልህ፣ ወንድሜ» ይሉታል። ለእሱ!

ጠበሉ ጋ ስንደርስ ቄሱ ሁለታችንንም አዩና «በሽተኛው የትኛው ነው?» አሉ። እብዱ እኔን ጠቆመ። አፌን ሳልከፍት ቀዝቃዛው ውሃ አናቴ ላይ ወረደ። ልጄን ስቀብር እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። እንደ ሕፃን ጮህኩ።

«ይኸው፣ ለቀቀው!» አለ እብዱ። ቀሚሱን ከራሱ ፈትቶ ፊቴን ጠረገልኝና እጄ ላይ አስቀመጠው።

«በል እንግዲህ፣ ድነሃል» አለኝ። «አሁን ክሰሰኝ።»