ጎመኑ ይቅደም፣ ቆስጣው ይከተል

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የጋራዣችን ሰዎች፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ልትሸኙት የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ያጽናን።

እኔ ከዚህ ሰው ጎን ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ ፍሬን ስጠግን የኖርኩ ነኝ። እሱ ሞተር፣ እኔ ፍሬን። «እኔ አስነሳለሁ፣ አንተ ታቆማለህ» ይለኝ ነበር። ሁላችንም «ጋሽ ብሎን» እንለዋለን፤ የላላ ነገር ማየት አይወድምና። አንቱ ካልኩት ደግሞ ይቆጣል። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ስንት አድርገህ ነው የምትጠራኝ?» ይለኛል። ስለዚህ ዛሬም በእናንተ ፊት አንተ እለዋለሁ። ይቅር በሉኝ።

ስለ ሞተሩ እንድናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ሞተሩንማ ማን የማያውቅ አለ? እኔ የምነግራችሁ ስለ ወጥ ቤቱ ነው። ስለ ጎመንና ስለ ቆስጣ። መሳቅ ይቻላል፤ እሱም ይስቅ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባለቤቱ፣ ይቺ ከፊታችን የተቀመጠችው፣ እኔ እታለም የምላት፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ታዘዘላት፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጠያቂ «አረንጓዴ ቅጠል ከዚህ መድኃኒት ጋር ይጣላል» አለ። ወሬው ቤት እስኪደርስ አደገ። «ጎመን መርዝ ነው» ሆነ። ታላቅ እህቷ በቅንነት ተነሥታ ቤቱን ከቅጠል አጸዳችው።

እታለም ደግሞ ቅጠል ከሌለ ማዕድ ቀረበ የማትል ሰው ናት። ሥጋ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። ሾርባ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። በሦስት ሳምንት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ።

ታዲያ ዝም ብሎ ይያት? እሱ? ቱታውን እንደለበሰ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ዶክተር፣ እርግጡን ይንገሩኝ። ተከልክላለች ወይስ አልተከለከለችም?»

«አልተከለከለችም» አሉት። «የሚያስቸግረን መዘበራረቁ ነው። ዛሬ ሳህን ሙሉ፣ ነገ ምንም ከሆነ መድኃኒቱን መመጠን አንችልም። በየቀኑ እኩል ትብላ፤ እኛ መድኃኒቱን በዚያ ልክ እናስተካክላለን። የደም ምርመራዋን ብቻ እንዳታስተጓጉሉ።»

«እኩል?»

«እኩል።»

በሩን እንደወጣን ትከሻዬን ያዘኝ። «ሰማህ? ልኬት እኮ ነው የጠየቁኝ! እኔን! ልኬት!»

ግን ወገኖቼ፣ መለካት ሌላ፣ ማብሰል ሌላ። ይህ ሰው እስከዚያ ቀን ወጥ ቤት የሚገባው ውሃ ሊጠጣ ነበር። የመጀመሪያ ድስቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎመኑንም ቆስጣውንም ባንድ ላይ ከቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳን ገጥሞ ሄደ። ጎመኑ ጎማ ሆነ። ቆስጣው የት እንደገባ አልታወቀም። እታለም ጎረሰች፣ አኘከች፣ አሁንም አኘከች። ከዚያ «አንተ፣ ይሄን ከየትኛው አውቶቡስ ነው የፈታኸው?» አለችው። ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

በማግስቱ ጋራዥ ሲመጣ ጥፋቱን አግኝቷል። «ሁለቱ እኩል አይበስሉም። ጎመኑ ይቅደም፣ ቆስጣው ይከተል።»

ይኸው ነው ሙያው። ቅጠሉን አጥቦ፣ አራግፎ፣ ጥሬውን በሚዛን ይለካል። ጎመኑን ከግንዱ ገንጥሎ እንደ ክር ይከትፈዋል፤ በጥቂት ውሃ ያለሰልሰዋል። ሽንኩርቱ በዘይት ሲወረዛ የለሰለሰውን ጎመንና የቆስጣውን ግንድ ይጨምራል፤ ነጭ ሽንኩርት ያስከትላል። የቆስጣው ቅጠል የሚገባው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ሎሚ ጠብ። አለቀ።

ቤቱ ከጋራዡ ጀርባ ነውና ምሳ ሰዓት ሲሆን ይሮጣል። ዝናብ ሲጥል፣ እኩል። ወገቡን ሲያመው፣ እኩል። ተኮራርፈው የዋሉ ዕለት እንኳ፣ እኩል። አሥራ አንድ ዓመት!

ገና በጀመረ ሰሞን ታላቅ እህቷ አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ደረሰች። ድስቱን አየች። «እህቴን ልትገድላት ነው?» ብላ በሁለት እጇ አነሣችው፤ ልትደፋው። እሱ አልነጠቃትም። «እትዬ፣ ነገ ምርመራ አላት። አብረን እንሂድ። ውጤቱ ከተበላሸ ድስቱን እርስዎ ይድፉት፤ እኔም ሁለተኛ እዚህ አልገባም።»

በማግስቱ በመኪና የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ወደ እኔ ተጠጋ። «ብሳሳትስ?» አለኝ በጆሮዬ። «ሚስቴ እኮ ናት፣ ሞተር አይደለችም።» እጁን ያዝኩት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አነበቡ። ቀና አሉ። «ልኩ ላይ ነው። ምን እያደረጋችሁ ነው? በሉ እንዲሁ ቀጥሉ።»

እህቷ ይቅርታ አልጠየቀችም። በመንገድ ላይ መኪናውን አስቆመችኝ፤ ወርዳ አንድ እስር ቆስጣ ይዛ ተመለሰች። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና «ይቺ ለጋ ናት» አለችው። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለ። በዚህ ታረቁ።

እኛ የጋራዡ ሰዎችስ? መጀመሪያ «ፍየል ሆነ» አልነው። ኋላ ሳህናችንን ይዘን ተሰለፍን። የጋራዡ በያጅ፣ ሚስቱ ለሥራ ክፍለ አገር የሄደችበት ጊዜ፣ በሚጮህ ሞተር ላይ «ጋሼ! ጎመኑ ስንት ደቂቃ?» ብሎ ሲጣራ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።

ያለፈው እሑድ ምሳ አብረው በሉ። ድስቱን አጠበ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እታለም አንድ ነገር ጠየቀችው፤ አልመለሰላትም። የታመመው የእሷ ልብ፣ የቆመው የእሱ።

ለቅሶ ልንደርስ ስንገባ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። «ምሳዬን አብልቶኝ ሄደ።»

ትናንት ደግሞ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ሰዓቱን አየችና ብድግ አለች። ልንደግፋት ተነሣን። «ተቀመጡ» አለች። ገብታ ለካች፣ ከተፈች፣ አበሰለች። በላች። መድኃኒቷን ዋጠች።

ጋሼ፣ ይህን እንድታውቅ ፈልጌ ነው። እሷ በርትታለች። እኛም አለን። ምርመራዋ ማክሰኞ ነው፤ የምወስዳት እኔ ነኝ።

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። በል እንግዲህ፣ እጅህን አድርቅና እረፍ። ደህና ሁን፣ ወንድም ጋሼ።