ገንፎ የፈራችው ልጅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ «ሕፃን ከየት ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ መልሱ ኩርኩም ነበር። የታደለው ደግሞ «ከጳውሎስ ሆስፒታል ገዝተንህ ነው» ይባላል፣ በቃ፣ አለቀ።

የእኔ ነገር የተበላሸው ግን የወላጆች ስብሰባ የተጠራ ቅዳሜ ነው። ያቺ ቅዳሜ! እስከዚያች ቀን ድረስ በባዮሎጂ ተመርቄ እዚሁ ቀጨኔ የማስተምር መምህር ነበርኩ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ይቺ ዛሬ ገንፎዋን የምንበላላት የአራሷ እናት ስንዱ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፣ ተማሪዬ። አባቷ ደምሴ ደግሞ ጎረቤቴ፤ ያውላችሁ፣ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ገንፎ የሚበላው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቲቸር፣ ጎረቤት ገንፎ በላሁ!»

«እና ሆድሽን አመመሽ?»

«አላመመኝም፤ ልወልድ ነው!»

አትሳቁ! ልጅቷ እኮ አስባለች። እሷ የምታውቀው ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ሲበሉ ነው፣ እና ዞር ስትል አልጋው ላይ ሕፃን አለ። ሌላ ምን ትበል?

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ደምሴ አጥር ጋ ጠራኝ። «ወንድሜ፣ ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች። አንተ የተማርክ ነህ፣ እባክህ ንገርልኝ፣ እኔማ አፌም አይችለውም።» እሱ ነው ያለኝ! በገዛ አፉ!

እና ነገርኳት፣ በማግስቱ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ምን አልኩ? «ሕፃን የሚያድገው ምግብ በሚገባበት ሳይሆን ማህፀን በሚባል ቦታ ነው። ከእናትም ከአባትም የመጣ ትንሽ ዘር ተገናኝቶ ያድጋል። ገንፎው እናትየዋ ከወለደች በኋላ እንድትጠነክር ነው።» ይኸው ነው! ስንዱ እንባዋን ጠረገችና «እፎይ!» አለች። ያቺ «እፎይ» ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች። ለዚህ ነው የተማርኩት አልኩ።

ቅዳሜ ታዲያ አዳራሹ ጢም አለ። አንዲት እናት ነጠላዋን እያጣፋች ተነሳች፣ «ልጄ እራት ላይ ‹ማህፀን› አለችኝ! አባቷ ፊት! ኧረ የማርያም ያለህ!» ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መምህር፣ ማነው ንገር ያለህ?» አለኝ።

ማነው ንገር ያለህ! ዞሬ ደምሴን አየሁት። ደምሴ ጫማውን ያያል። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። ጫማውን ያያል! ከዚያ ወዲያ ክፍሌን ለሌላ ሰጡ፣ እኔን መጋዘን አስገቡኝ፣ እና ጡረታ እስክወጣ የመጽሐፍ አቧራ ሳራግፍ ኖርኩ። አስተማሪ ነበርኩ እኮ!

ዛሬ ደግሞ፣ አሁን፣ ሁላችሁም ፊት፣ ይቺ የስንዱ የልጅ ልጅ ቤዛ አዲስ የተወለደ ወንድሟን አይታ «ከየት መጣ?» ስትለው ደምሴ ምን አላት? ሰማችሁ አይደል? «ሂጂ ጋሼን ጠይቂ፣ እሱ የተማረ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ የደስታ ቀን ነው፣ ይተዉት» ትላለች ስንዱ።

እኔስ መች ከፋኝ? እልል ብያለሁ! ቤዛዬ፣ እነግርሻለሁ፣ አንድም ሳልደብቅ። ግን ቅድመ አያትሽ ይቅደም። ደምሴ! ማንኪያውን አስቀምጥ። ጫማህን ተወው፣ እኔን እየኝ። ሰው ሁሉ ይስማ፦ ማነው ንገር ያለኝ? መልስ!