‹የሕዝብ› የተባለው ኮምፒውተር

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ቦታ፣ የሰፈሩ እድር ያቋቋመው አነስተኛ ክሊኒክ አለ። ብቻዬን ወደ እንጦጦ መውጣት ስለምወድ በደጁ ዘወትር አልፋለሁ። በዚያ ሰኞ ማለዳ ግን አላለፍኩም፤ አክስቴን እትዬ ዘቢደርን ለስኳር ምርመራ ይዤ ገባሁ። ገና በረንዳው ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ፒንሳ ይዘው፣ በግድግዳው ላይ የተዘረጋውን ሰማያዊ ሽቦ ሲመረምሩ አገኘናቸው። የክሊኒኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ልደቱ ወልደገብርኤል ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጤና ረዳትነት ስላገለገሉ በሰፈሩ ቃላቸው ይከበራል።

«ምን ሊቆርጡ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ይህን የማይረባ ሽቦ ነዋ! ከሐሙስ ጀምሮ ዶክተሩ ክፍል ያለው ማሽን የላብራቶሪውን ማሽን አያየውም። በመስኮት ብንጮህ እንኳ እስካሁን በተሰማ ነበር።»

ነገሩ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ያን ሽቦ ያመጣው የአክስቴ መከራ ነው። ባለፈው ክረምት ዘቢደር የምትባል ሌላ ሴት የምርመራ ወረቀት በስሕተት ከአክስቴ ካርድ ጋር ተያይዞ ዶክተሩ ዘንድ ገባ። የሴትዮዋ ስኳር ከፍተኛ ስለነበር የአክስቴ መድኃኒት ተጨመረ። አክስቴም በማግስቱ ስኳሯ ወርዶ መንገድ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ነው እድሩ ኮምፒውተሮቹን ገዝቶ፣ ላብራቶሪው የጻፈውን ውጤት ዶክተሩ እዚያው ክፍሉ ሆኖ እንዲያነብ፣ በመካከል ወረቀት የሚያመላልስ ሰው እንዳይኖር ያደረገው። ሽቦው ከተቆረጠ ወደ ወረቀቱ መመለሳችን ነው።

በዚህ መካከል የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሠናይት ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች ብቅ አለች።

«ጋሼ ልደቱ፣ እባክዎን ፒንሳውን ያስቀምጡልኝ።»

«አላስቀምጥም። ከቀትር በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ማሽኖቹ ለሻጩ ይመለሱ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወረቀት፣ ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። በእጅሽ ትይዥዋለሽ፣ በዓይንሽ ታይዋለሽ። እኔ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያከምኩት በወረቀት ነው።»

«ልክ ነዎት። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ያስፈልገናል፤ አልክድም። ነገር ግን እትዬ ዘቢደር የወደቁት መብራት ጠፍቶ ነው?»

ሽማግሌው ወደ አክስቴ ዘወር ብለው አንገታቸውን ደፉ። እሷ ደግሞ የሰው ሐፍረት ማየት አትወድም።

«ኧረ ተዉት! መች ወደቅሁ፣ ጭቃው ላይ አረፍ ብዬ ነው» አለች።

ሠናይት ፈገግ ብላ ቀጠለች፦ «ጋሼ፣ ከስብሰባው በፊት ችግሩን አብረን እንፈልገው። ካጣነው ፒንሳውን እኔው ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

አቶ ልደቱ ግትር እንጂ ፍርደ ገምድል አይደሉም። ፒንሳውን ኪሳቸው ከተው ተከተሏት። ሠናይት የአክስቴን ደም መርምራ ውጤቱን ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ከጻፈች በኋላ፣ አክስቴ በረንዳው ላይ ስትጠብቅ እኔም ተከተልኩ።

ሠናይት በመጀመሪያ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ትንሽ ሳጥን አሳየቻቸው። «ሽቦው በገባበት ቀዳዳ ሁሉ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህ ማለት ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ደህና ነው። ጥፋተኛው እሱ አይደለም።» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «አሁን አድራሻውን እንይ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሌሎቹ የሚያገኙበት ቁጥር አለው። የላብራቶሪው መጨረሻው አሥር ነው። የዚህኛው ደግሞ…» ድንገት አቆመች። «ይህም አሥር ነው! ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አሉ አቶ ልደቱ፣ ኮታቸውን አስተካክለው። «ሐሙስ ዕለት ይህን ማሽን የተከለው ልጅ ‹ምን ቁጥር ልስጠው?› ቢለኝ፣ ‹የላብራቶሪውን ገልብጥ› አልኩት። ምን አጠፋሁ? ግቢያችን አንድ ነው። በአንድ ግቢ ስንት አባወራ ይኖራል? በሩ ላይ የሚለጠፈው የቤት ቁጥር ግን አንድ ነው። ወረዳ ሄደሽ ብትጠይቂ ለየጓዳው ቁጥር አይሰጡሽም።»

እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ተስማማሁ። እኛ ራሳችን የምንኖረው ብዙ ቤተሰብ አንድ ቁጥር በሚጋራበት ግቢ ነው። ልማድ እንዲህ ነው፤ በአንዱ ቦታ ስለሠራልን ብቻ ወደ ሌላው ይዘነው እንገባለን።

«ለመሆኑ እዚያ ግቢ እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጋል?» አለች ሠናይት።

«በር ላይ ቆሞ ‹የነልደቱ ቤት የትኛው ነው?› ይላላ። ያገኘው ሰው ያሳየዋል።»

«እዚህ ግን የሚያሳየው ሰው የለም። ኮምፒውተር ከቁጥሩ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ መልእክቱ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ይሄዳል፤ ወይም ጭራሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ጋሼ፣ ይህ እኮ ሁለት ዘቢደር ማለት ነው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ታዲያ ቁጥሩን ማን ያድል? ሁሉም ያሻውን ይምረጥ?»

«የለም። ካርድ ክፍላችን ውስጥ ሕመምተኛው ተራ ቁጥሩን ራሱ ይመርጣል? ካርድ የምታወጣው ልጅ ናት የምትሰጠው፤ ለማን ምን እንደሰጠች ስለምታውቅ አትደግምም። እዚህም ራውተር የሚባለው፣ ቅድም ያየነው ሳጥን ያድላል። የላብራቶሪው ብቻ ሁሉም የሚፈልገው ስለሆነ ቁጥሩ አይለዋወጥም። ሳጥኑም አሥርን ለሌላ እንዳይሰጥ እናዘዋለን።»

እንዳለችው አደረገች። የዶክተሩ ኮምፒውተር አዲስ ቁጥር ከሳጥኑ ተቀበለ። ሁላችንም የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አፈጠጥን። የላብራቶሪው ስም ግን አልመጣም።

«ይኸው!» አሉ አቶ ልደቱ ብድግ ብለው። «ቁጥሩንም ቀየርሽ፣ ንግግሩንም አሳመርሽ። ማሽንሽ ግን እንደታወረ ነው።»

የሠናይት ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። አክስቴ በበሩ ብቅ ብላ «ውጤቴ ደረሰ?» አለች። ውጤቱ ከግድግዳው ወዲያ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዶክተሩ ግን አያየውም። አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መላክ ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ ሽቦውም ይቆረጣል።

ሠናይት አልጻፈችም። ላብራቶሪ ገብታ ከዚያ ሆና የዶክተሩን ኮምፒውተር በቁጥሩ ጠራችው፤ መለሰ። ተመልሳ ከዶክተሩ ክፍል የላብራቶሪውን ጠራች፤ ዝም አለ።

«ገባኝ» አለች። «መንገዱ ክፍት ነው። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ሌላውን ያያል፤ ራሱ ግን መታየት አይፈልግም።»

«ማሽን ደግሞ ምን ያሳፍረዋል?»

«ኑ፣ እሱኑ እንጠይቀው።»

ላብራቶሪ ገባን። አንድ ገጽ ከፍታ በጣቷ አመለከተች። «ፐብሊክ ተብሎ ተመርጧል። ጋሼ፣ ይህንንም…?»

«ይህንንም እኔ ነኝ» አሉ፣ በዚህ ጊዜ ግን ኮታቸውን ሳይነኩ። «ልጁ ሽቦውን ሲሰካ ማሽኑ ጠየቀኝ። ‹ፐብሊክ ነው ወይስ ፕራይቬት?› አለ። እንግሊዝኛው አይጠፋኝም፤ የሕዝብ ነው ወይስ የግል ማለቱ ነው። ይህ ክሊኒክ ጎመን ሸጠው፣ እንጨት ተሸክመው ባዋጡ ሰዎች የቆመ ነው። የግል ነው ብዬ እንድነካ እጄ እንዴት እሺ ይበለኝ?»

ሠናይት አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ የዚያ ቀን ነገር እዚያው ላይ ይበላሽ እንደነበር አምናለሁ።

«ጋሼ፣ መልስዎ የሚያኮራ ነው። የተጠየቁት ግን ሌላ ነው። የማን ንብረት ነኝ አላለም። ‹ያለሁት የት ነው? ማንም በሚተላለፍበት አደባባይ ነው ወይስ ከቤተሰቤ ጋር?› ነው ያለው። እርስዎ ፐብሊክ ሲሉት ‹አሃ፣ ለካ መገናኛ ታክሲ ተራ ነኝ!› ብሎ ኪሱን ያዘ። ከሁሉም ሰው ተሸሸገ።»

«ኪሱን ያዘ!» ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ፕራይቬት ስንለው ከተገለጠ፣ የሰው በሽታ ለማንም ሊታይ ነው? እኔ ወረቀቱን ቆልፌ ነበር የማስቀምጠው።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚገለጠው በዚህ ሽቦ ላይ ላሉት ለእኛ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ የውጤቱን ማኅደር የሚከፍቱት በይለፍ ቃል ነው፤ ቃሉ ያለው ከዶክተሩና ከእኔ ጋር ነው። ለአስታማሚ ስልክ ይህን መስመር አንሰጥም። ቁልፍዎ አልጠፋም፤ ቦታው ነው የተቀየረው።»

«እንግዲያው ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ላስተካክለው» ብለው አቶ ልደቱ መነጽራቸውን አደረጉና ፕራይቬት የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ።

«ታየኝ!» አለ ዶክተር ፍሮምሳ ከወዲያኛው ክፍል።

ወደ እሱ ክፍል ስንመለስ፣ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሁለቱ ዘቢደሮች ከነአባታቸው ስምና ከነካርድ ቁጥራቸው ከላይና ከታች ተለይተው ተጽፈው አየሁ። ዶክተሩ የአክስቴን ከፈተ። «እትዬ፣ ስኳርዎ ዝቅ ብሏል፤ የጠዋቱን መድኃኒት እንቀንሳለን» አላት። ባለፉት ቀናት ተጽፎ ሳይታይ የቆየው የዚያኛዋ ዘቢደር ስኳር ከፍ ማለቱንም አይቶ፣ ዛሬውኑ ተጠርታ እንድትመጣ አዘዘ። አቶ ልደቱ በሩ ላይ ቆመው ሁለቱንም ስሞች ደጋግመው አነበቡ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው በረንዳው ላይ ስለነበር፣ መድኃኒት እየጠበቅን ሁሉንም ሰማን።

«ማሽኖቹ ይመለሱ ልል ነበር አመጣጤ» ብለው አቶ ልደቱ ጀመሩ። «አሁን ግን ይቆዩ እላለሁ። ጥፋቱ የማሽን አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ለሁለት ማሽን አንድ ቁጥር ሰጠሁ። ያልገባኝን ጥያቄ እንደገባኝ አድርጌ መለስኩ። ከእንግዲህ ቁጥር የሚያድለው አንዱ ሳጥን ይሁን፤ ማንም በእጁ አይጻፍ። ነገር ሲበላሽ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት የሳጥኑን አረንጓዴ መብራት፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያም የተሸሸገ እንዳለ እንይ። ወረቀቱም መብራት ለሚጠፋበት ቀን በመሳቢያው ይቀመጥ። ይህን ካደረግን ሕመምተኛው ውጤቱን ፍለጋ ከበር በር አይንከራተትም፤ የአንዱም መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም። ማሽኑም ፕራይቬት ማለትም የግል በሚለው ላይ ይቆይ።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ ወይዘሮ ሒሩት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምን? የእድሩን ንብረት የግል አደረጋችሁት?»

«አላደረግንም። ይቀመጡ፣ ላስረዳዎት» አሉ አቶ ልደቱ። ስለ አደባባዩ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ተያዘውም ኪስ በራሳቸው አነጋገር አንድ በአንድ አስረዷቸው። ሠናይት ከበሩ አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

«ይሁን፣ ለሕመምተኛው ከበጀ እስማማለሁ» አሉ ወይዘሮ ሒሩት በመጨረሻ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ‹የግል› የሚል ቃል እንዳይጻፍ። ነገ ልጆቻችን ቢያነቡት ምን ይሉናል?»

«ይጻፋል፣ ወይዘሮ ሒሩት» አሉ አቶ ልደቱ በትሕትና። «ምን ማለት እንደሆነም አብሮ ይጻፋል።»