የአባትየው መልስ

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ገበሬ አጠገቡ ላለች ወጣት ያወራል።

«አባቴ ሳይሞቱ ሰዎች መጥተው የእርሻ እውቀታቸውን በድምፅ ቀዱ፤ ኤአይ የሚሉትን አስተማሩበት። አሁን በስልክ ስትጠይቂው ይመልሳል።»

«ማሻአላህ! እውቀታቸው አልጠፋማ።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ማሽላ ልዝራ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ዝራ አለኝ። ያለኝን ዘር ሁሉ ዘራሁ፤ ዝናቡ ቀረ።»

«አባትዎ ቢኖሩ ምን ይሉዎት ነበር?»

«ሰማዩ ካላማራቸው ‹አላህ ያውቃል› ይሉኝ ነበር። እንዲያ ሲሉኝ ግማሹን ዘር ከጎተራ አላወጣም።»

«ታዲያ ይሄን አልቀዱትም?»

«ቀድተውት ነበር። ኋላ ግን ‹ይሄ መልስ አይደለም› ብለው ቆረጡት።»

ሮቢት ስንደርስ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል፣ ወራጁ እኔ ሆኜ ሳለ፣ የተቆረጠውን ‹አላህ ያውቃል› እያሰብኩ መውረጃዬን አለፍኩ።